ሳይታረስ የተዘራው መስክ

አባቴ መስካቸውን ማረሻ እንዲነካው አይፈቅዱም ነበር። መስኩ ከኤረር በር ወጥቶ ቁልቁል አንድ ሰዓት ያህል በእግር ከተኬደ በኋላ የሚገኝ፣ ሦስት ጥማድ የማይሞላ፣ ተዳፋት ላይ የተኛ፣ በእሾህ የታጠረ የሣር መሬት ነው። ጎረቤታችን እንደዚያው ያለውን ተዳፋት አርሶ ማሽላ ዘራበት፤ በመጀመሪያው ዓመት ደህና አፈሰ። በሦስተኛው ክረምት ግን አፈሩ ተጠራርጎ ሸለቆ ገባና ድንጋዩ ጥርሱን አገጠጠ። አባቴ በበቅሏቸው ሆነው በዚያ ባለፉ ቁጥር በአለንጋቸው እየጠቆሙ፣ «ሣር የመሬት ቆዳ ነው፤ ከገፈፉት አለቀ» ይሉኝ ነበር። መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አንድም ቀን ግን ተሳስተዋል ብዬ አላውቅም።

ያኔ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ትዳሬ ፈርሶ፣ ልጅ ሳልወልድ፣ አንዲት ሣጥን አስጭኜ ወደ አባቴ ቤት ከተመለስኩ አምስተኛ ዓመቴ ነበር። ጣልያን ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ከሸዋ በር ውጭ የቆርቆሮ ቤቱ በየዓመቱ እየበዛ ነው። እኛ የወታደር ልጆች ግን አያቶቻችን ከሸዋ ይዘውት የመጡትን ኩራት ይዘን፣ ከኩራቱ በቀር ብዙም ሳይኖረን እንኖር ነበር። እናቴ ከሞተች ወዲህ አባቴ የከተማውን ቤት ለታላቅ ወንድሜ ትተው መስኩ ዳር ባለችው ቤት ነው የሚኖሩት። ዘጠኝ ላም ነበሯቸው። እኔ ስመጣ ላሞቹን ሰጡኝ። «እንቺ፤ ሥራ የፈታ ሰው ሐሜተኛ ይሆናል» አሉኝ። እሳቸው እንዲህ ነበሩ፤ ማጽናናታቸው እንኳ ቁንጥጫ አለበት።

ወተቱን ጠዋት ጠዋት በአህያ ጭኜ በኤረር በር እገባና ግንቡ ውስጥ ላሉት የሐረሪ ቤቶች አድላለሁ። የእኛ ጦም ሲገባ እነሱ ይገዙኛል፤ የእነሱ ጦም ሲገባ ደግሞ ለማፍጠሪያ እጥፍ ይፈልጋሉ። ሴቶቹ ከግቢያቸው ሆነው «ወተቷ መጣች!» ሲሉ ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ በፊት ሰው የሚያውቀኝ «ያቺ ከባሏ የወጣችው» በመባል ነበር። እንግዲህ ላሞቹ ባይኖሩኝ እኔ ማን ነኝ? ይህን ጥያቄ ለማንም አልተናገርኩትም፤ ግን ከውስጤ ወጥቶ አያውቅም።

መከራችን በጋው ነበር። ኅዳር ላይ ሣሩ ይነጣል፤ ጥር ላይ ላም የምትልሰው አፈር ብቻ ይሆናል። አንዱ በጋ እንዲያውም የከፋ ሆነና ሁለት ላሞች ሞቱብኝ። ሦስተኛዋ ጠዋት መነሳት አቅቷት አገኘኋት። ሆዷ ሥር ሁለት አጣና አስገብተን፣ አንዱ ጭራዋን፣ አንዱ ቀንዷን ይዞ፣ እንደ ምንም አቆምናት። ከቆመች በኋላ ተመልሳ እንዳትወድቅ ጎኗን ደግፌ ቆሜ አለቀስኩ። አይ፣ ማልቀስ ብቻም አይደለም፤ ፈጣሪንም ተሟገትኩት።

የከተማው ታላቅ ወንድሜ በዚያው ሰሞን መጣ። እሱ ሶፊ በኩል ጫት ተክሎ ደህና ይኖራል። ላሞቹን አየ፣ መስኩን አየ፣ ከአባቴ ፊት ተቀመጠና፣ «አባባ፣ ይሄ ሣር ምን ያደርግልዎታል? ጫት እንትከልበትና እንገላገል» አለ። አባቴ ወደ መስኩ ዞረው አዩ። አለመቆጣታቸው አስደነገጠኝ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ከዘራቸውን ያነሱ ነበር።

ወተት ከሚገዙኝ ሰዎች አንዱ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ የእርሻ አስተማሪ ነበር። አንድ ቀን ሆዴ ቢብሰኝ ነገሩን ሁሉ አጫወትኩት። እሱም ሣር መሬት ሳይታረስ መኖ ሊዘራበት እንደሚችል ነገረኝ። ባሕር ማዶ ለዚሁ የተሠራ መኪና አለ፤ ሣሩን ሳይገለብጥ በስሱ ይሰነጥቀዋል፣ ስንጥቁ ውስጥ ዘር ይጥላል፣ መልሶ ይዘጋዋል። አጃው ቶሎ ደርሶ ይታጨዳል፤ አልፋልፋ የሚባለው ደግሞ ሥሩን ወደ ታች እየሰደደ ሣሩ ሁሉ ሲደርቅ እሱ ለምለም እንደሆነ ይከርማል።

«መኪናው ታዲያ የት አለ?» አልኩት።

«እዚህ አገር እንኳ አላየሁም» አለ።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው!» ብዬው ሄድኩ። በሳምንቱ ግን ሳልጠይቀው ከየትም ፈልጎ ሁለት ከረጢት ዘር አመጣልኝ። እንግዲህ ዘር እጄ ከገባ በኋላ እኔን ማን ያቆመኛል?

ቤታችን የሚሠሩ አንድ የኦሮሞ ሽማግሌ ነበሩ። የአባቴ ጢሰኛ ናቸው፤ እኔን ከሕፃንነቴ ጀምሮ «ልጄ» እያሉ ነው ያሳደጉኝ። ስለ መኪናው ስነግራቸው ሳቁ። «ወላሂ፣ ፈረንጅ ለዚች መኪና ሠራ?» አሉና ዶንጎራቸውን ይዘው ወጡ። ዶንጎራ በእኛ አገር መሬት የሚቆፈርበት፣ ጫፉ ላይ ብረት ያለው ከባድ እንጨት ነው። ሣሩ ውስጥ ወጋ አደረጉት፣ ትንሽ ጋደል ሲያደርጉት መሬቱ ከንፈሩን ከፈተ። «ጣይበት» አሉኝ። ቆንጥሬ ጣልኩ። ዶንጎራውን ነቅለው በተረከዛቸው ረገጥ አደረጉት። አንድ ሰው ቢያልፍ እዚያ ቦታ ላይ የሆነ ነገር እንዳለ አያውቅም። አባቴ ከበቅሏቸው ላይ ሆነው ቁልቁል ሲያዩ ቆይተው፣ «አልተገፈፈም» አሉ። ለእሳቸው ይህ ትልቅ ምርቃት ነው።

ወዲያው ወንድሜን አስጠሩና ፊት ለፊታችን ፍርዳቸውን ሰጡ። ክረምቱን እንዝራ፤ ጥር ላይ ላሞቹ በእግራቸው ቆመው፣ ጡታቸው ወተት ይዞ ከተገኘ መስኩ የእኔ ነው፤ ካልሆነ ጫት ይተከልበት። ወንድሜም እኔም እሺ አልን። እሱ እየሳቀ፣ «በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» ብሎ ተረተብኝ። «ገደሉንስ አንተ ነህ የምትቆፍርልኝ» አልኩት።

መጀመሪያ ላሞቹን ለቀን መስኩን መሬት ድረስ አስጋጥነው፤ የቀድሞው ሣር ከረዘመ አዲሱን ቡቃያ ያፍነዋል። ከዚያ ሰኔ አጋማሽ ላይ ዝናቡ ሲረጋ ጀመርን። ሽማግሌው ከፊት እየወጉ፣ እኔ አጎንብሼ እየጣልኩ፣ ሚስታቸው ከኋላ እየረገጡ፣ አንድ ስንዝር፣ ሌላ ስንዝር፣ ሌላ ስንዝር። ሦስት ሳምንት ፈጀብን። ወገቤ ተቆረጠ። ጣቶቼ ጭቃ እየጠጡ ቆዳቸው ተላጠ። ወንድሜ ሲያልፍ ቆም ይልና፣ «ጥልፍ ነው እንዴ የያዛችሁት? መቼ ነው መስኩን ጠልፋችሁ የምትጨርሱት?» ይላል። በአቦ ለት ጨረስን። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ የሠርጌ ቀን እንኳ ቢሆን።

በፊት የተዘራው ገና ሳንጨርስ ነው የበቀለው። ዳሩ ምን ይሆናል፤ አባቴን በዚያው ሰሞን ብርድ መታቸውና ተኙ። ደረታቸው ያፏጫል። ጠዋት ስገባ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «በቀለ?» ነው። «በቀለ» እላቸዋለሁ። «ታችኛውስ?» ይላሉ። አንድ ቀን ከነሥሩ ነቅዬ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው፤ አንድ ክር አጃ፣ አንድ ክር አልፋልፋ። ዓይናቸው ደክሟል መሰለኝ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት።

«የመስኩን በር ዝጊው» አሉኝ። «የማንም ከብት እንዳይገባ። የኔም በቅሎ ብትሆን እንዳትገባ።»

«እሺ አባባ።»

«ሥሩ እስኪይዝ ነው። አንቺ እኮ ችኩል ነሽ፤ ትሰሚያለሽ?»

«ሰማሁ አልኩ እኮ!» አልኩኝ ቆጣ ብዬ። እንዲያ ብዬ መለስኩላቸው። በአራተኛው ቀን ሞቱ።

አርባው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዋለ። አባቴ ዘመድ የበዛላቸው ሰው ነበሩ፤ ተዝካራቸው እንደ ወጉ ይውጣ ብለን ዳስ ጣልን፣ ጠላ ጠመቅን፣ በሬ አረድን። በዚያ ሁሉ ሩጫ የሰዉን ሆድ እንጂ የበቅሎውን ሆድ ያሰበ አልነበረም። ወንድሜ ነው በተዝካሩ ለት ገና ጎሕ ሲቀድ፣ «ለእንግዳው በቅሎ መኖ አላዘጋጀንም እኮ!» ያለኝ። እውነቱን ነበር። ከጨርጨር የሚመጣው ዘመድ ሁሉ በበቅሎ ነው የሚመጣው፤ በክረምት ደግሞ ድርቆሽ የለም።

«እኔ ሶፊ ሄጄ የማሽላ ቅጠል አስጭኜ እመጣለሁ» አለ። ነሐሴ ላይ ማሽላው ሲሳሳ የሚነቀለው፣ ጭሮ የምንለው ትርፍ ቡቃያና የሚሸለቀቀው ቅጠል በአገራችን የታወቀ መኖ ነው። «በሩን ግን እንዳትከፍቺ፤ እደርሳለሁ» ብሎ ጋቢውን ተከናንቦ ሄደ።

እኔ ቆሜ ቀረሁ። ደግነቱ አልዋጥልኝ አለ። ይሄ መስኬ እንዲጠፋ ሲመኝ የኖረ ሰው ዛሬ ምን ነክቶት ነው አልኩ።

ቀሳውስቱ ፍትሐቱን አድርሰው፣ ሰዉ ዳስ ገብቶ፣ ምሳ ቀርቦ፣ ወንድሜ አልመጣም። ከሠላሳ የማያንስ በቅሎና ፈረስ ቁልቋሉ ሥር ታስሮ ልጓሙን ያኝካል፤ መሬቱን በኮቴው ይጭራል። መስኩ ደግሞ እዚያው ፊታቸው ነው። አጃው ጉልበት ሊደርስ ምንም አልቀረው፤ አልፋልፋው ከሥሩ ጣት ያክላል፤ ካፊያው ወርዶበት ያብረቀርቃል። እንዲያ ያለ አረንጓዴ ነገር ደብቀው አይደብቁት። ሰዉ ከዳሱ አንገቱን እያወጣ ያያል። አንዲት ዘመዳችን ለሌላዋ፣ «ሣር ነፍጋ ነው እንዴ? ለገዛ አባቷ?» ስትል ሰማኋት። ጆሮዬ ጋለ።

ከዚያ የአባቴ ታላቅ ወንድም ጠሩኝ። በጣም ያረጁ ናቸው፤ ከዳሱ መግቢያ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ድምፃቸውን ሳይቀንሱ፣ «ልጄ፣ የወንድሜን ነፍስ ሊያስምር የመጣ ሰው በቅሎው ጦሟን ትዋል? እሱ በሕይወቱ እንግዳ አስርቦ ያውቃል?» አሉኝ።

«ወንድሜ መኖ ሊያመጣ ሄዷል» አልኩ።

«ወንድምሽ የት አለ?» አሉ። ዙሪያውን አዩ። ሰዉም አየ።

በዚያች ቅጽበት ነው ክፉ ሐሳብ ውስጤ የገባው። ሆን ብሎ ነው አልኩ። ብዘጋው በአባቷ ተዝካር ሣር የነፈገች እባላለሁ፤ ብከፍተው መስኬ ይጠፋል፤ በሁለቱም እሱ ነው የሚጠቀመው። ተንኮለኛ! አባቴን በሰው ፊት አላሳፍርም ብዬ ወደ በሩ ሄድኩ። ይሉኝታ ሲይዝ እንደ ወፍ በሽታ ነው፤ ዓይንን ያለብሳል።

ጢሰኛችን ሽማግሌው በሩ ጋ ቆመው ነበር። ምን ልሠራ እንደመጣሁ ፊቴን አይተው አወቁ። እጃቸውን በሩ በተዘጋበት እሾህ ላይ ጫኑ። «ተይ ልጄ። መሬቱ ርሷል፤ ኮቴ ይገባበታል። ልጁ ይመጣል፣ ኢንሻአላህ።»

«አንተ ምን አገባህ? ዞር በል!» አልኳቸው።

አንተ አልኳቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «አባባ» ያልኳቸውን ሰው። እጃቸውን አነሱና ዞር አሉ። እሾሁን በራሴ እጅ ጎትቼ ከፈትኩት፤ መዳፌን ወጋኝ፣ አልተሰማኝም። የመጀመሪያዋ የገባችው የአባቴ በቅሎ ነበረች። ጌታዋ ከሞተ ወዲህ የሚያስራት ስላልነበረ እየተንጎማለለች ገባች፤ መሐል ላይ ደርሳ ተንከባለለች። የቀሩት ተከተሏት።

ወንድሜ የደረሰው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ዝናቡ ወንዙን ሞልቶት እስኪጎድል መጠበቅ ነበረበት። ስምንት አህያ የማሽላ ቅጠል አስጭኗል፤ ራሱም እስከ ወገቡ ርሷል። በሩ ጋ መጥቶ ቆመ። መስኩ የተቦካ ጭቃ መስሏል፤ አጃው ተግጧል፣ አልፋልፋው ከነሥሩ እየተነቀለ በየቦታው ተጥሏል፣ ስንጥቆቻችን በሙሉ በኮቴ ተደፍነዋል። እኔን አየኝ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«ትንሽ ብትታገሺኝ ምን ነበረበት?» አለ። ቀስ ብሎ ነው ያለው። ከዚያ አህዮቹን ማራገፍ ጀመረ። በቅሎዎቹ ጠግበው ስለነበር ያን ሁሉ ቅጠል አሽትተው ፊታቸውን አዞሩ።

እንግዳው ሁሉ ሲሄድ አመሰገነኝ። «የአባትሽን ስም አስጠራሽ፤ እንዲህ ያለ ተዝካር አይተን አናውቅም» አሉኝ። የእኔ ሆድ ግን የሚያውቀው ሌላ ነው። እንድጠብቅላቸው የለመኑኝን አንድ ቃል፣ እሳቸውን አከብራለሁ ብዬ አፈረስኩት።

እንዲያገግም ብዬ በሩን መልሼ ዘጋሁት፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። መስከረም ሲጋመስ ዝናቡ ቆመ። አጃው እዚህም እዚያም ትንሽ አቆጠቆጠና ቢጫ ሆኖ ቀረ። ወንድሜ «የአባባ ቃል እስከ ጥር ነው፤ እስከ ጥር ጠብቂ» ከማለት ሌላ ምንም አላለኝም። ኅዳር ላይ ሁለት ላም ሸጥኩ። ታኅሣሥ ላይ ሦስት። አንዷ በገና ሰሞን ወደቀችና አጣናውን ሆዷ ሥር ብናስገባም አልቆመችም። ግንቡ ውስጥ ያሉት ሴቶች «ወተቷስ?» ብለው መጠየቃቸውን ተዉ።

ጥር ላይ ወንድሜ መጣ። በእግሯ የቆመች ላም አንዲት ብቻ ነበረች፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት። በአጥሩ ዳር ዳር ሄደ። በስተታች፣ እሾሁ ወደ ውስጥ ተንዘርፍፎ በቅሎ አፏን ማስገባት ያልቻለችበት ቦታ ላይ አጎነበሰ። አልፋልፋ ነበር። ዙሪያው እንደ ዱቄት ሆኖ ሳለ እሱ ለምለም ነው፤ እስከ ጉልበት ደርሶ ወይን ጠጅ አበባ አውጥቷል። ወንድሜ አንዷን ቅርንጫፍ ቀጥፎ በጣቶቹ መካከል አገላበጣት።

«ይሠራ ነበር ማለት ነው» አለ።

«ትከል» አልኩት ብቻ።

የጫቱን ጉድጓድ የቆፈሩት እኚያው ሽማግሌ ናቸው፤ በዚያው ዶንጎራ። ከተዝካሩ ቀን ወዲህ «ልጄ» ብለውኝ አያውቁም፤ «እመቤቴ» ነበር የሚሉኝ፤ በጥፊ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። አጠገባቸው ሄጄ፣ «አባባ፣ ያን ቀን ክፉ ተናገርኩዎት፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። ዶንጎራውን አቁመው ላባቸውን ጠረጉ። «አላህ ይቅር ይበልሽ» አሉ። «እጄ ግን ያን ሥራ ወዶት ነበር።» መልሰው ወደ ቁፋሯቸው ዞሩ።

ወንድሜ ከጫቱ ድርሻዬን ሳያጓድል ይሰጠኝ ነበር፤ አንድም ቀን «አላልኩሽም?» ብሎኝ አያውቅም። ምነው ባለኝ! አንዴ ቢሰድበኝ ኖሮ፣ እኔም ያን ቀን እሱ ወንዙ ዳር ቆሞ ሲርስ በልቤ ተንኮለኛ እንዳልኩት ነግሬው እገላገል ነበር። አልሰደበኝም። አልነገርኩትም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሞተ።

ለእሱም ተዝካር ደገስን። ከሁለት ቀን በፊት ራሴ ሶፊ ወርጄ ስምንት አህያ አገዳ አስጭኜ አመጣሁ፤ እንደ ድንኳን ከመርኩት። ያኔ ግን ዘመኑ ተለውጦ ዘመድ ሁሉ በመኪና ነው የመጣው። ሁለት በቅሎና አንድ ፈረስ ብቻ ነበሩ። ሰዉ ክምሩን እያየ ሳቀብኝ።